የተኛ ውሻ

ሳያት በዚያ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መሆን አልነበረባትም። ሥራዋ ሐይቅ ዳር ባለው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ቁልፍ መስጠትና ስልክ ማንሳት ነው። የተቀጠረው አስተርጓሚ ግን ትኩሳት ይዞት ቀረና ሥራ አስኪያጁ ላብ እያጠመቀው ወደ እሷ መጣ።

«አንቺ እንግሊዝኛሽ ደህና ነው፤ ዛሬን ብቻ ከጉድ አውጪን» አላት።

እምቢ ብትል የሚቆጣት አልነበረም። እሷ ግን ደስ ብሏት ሄደች።

እንግሊዝኛዋን ያገኘችው ከአባቷ ነው። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ታቦር ተራራ ሥር በሚገኘው ቤታቸው ጡረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከሰዋስው ይልቅ የሚወዱት የእንግሊዞችን ተረትና ምሳሌ ነበር። ሳያት ልጅ ሳለች ራት ላይ አንዱን ጣል ያደርጉላትና አማርኛ አቻውን እንድትፈልግ ይተዋታል። እነሱ «ብዙ እጅ ሥራ ያቀላል» ሲሉ እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እነሱ «በፈሰሰ ወተት አታልቅስ» ሲሉ እኛ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን። አቻ አጥታ ቃል በቃል ልትተረጉም ስትሞክር ግን ይገስጿት ነበር። «ተይ፣ ምሳሌ የሚፈታው በምሳሌ ነው። ቃሉን ብቻ ካሻገርሽው እዚያ ማዶ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚደርሰው።»

ስብሰባው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ነበር። አዳራሹን የሞሉት መረብ የሚጥሉ ወንዶችና ሐይቁ ዳር ዓሣ እየሰነጠቁ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ፊት ለፊት ሚስተር ኮሊን የሚባሉ ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊ ተቀምጠዋል። ማኅበሩን ከሚረዳው ድርጅት የመጡ የዓሣ ባለሙያ ናቸው፤ ይዘው የመጡትም አዲስ የደህንነት ደንብ ነው። ማንም ብቻውን ሐይቅ እንዳይገባ፣ ማንም ያለ ላይፍ ጃኬት እንዳይቀዝፍ ይላል። ከጎናቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊልሞን አለ። ገና ጎልማሳ ነው፤ አንደበቱ ለስላሳ፣ ሰው የሚያዳምጠው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚወደው።

ሚስተር ኮሊን ያለ ምሳሌ መናገር የማይሆንላቸው ሰው ሆነው ተገኙ። ለሳያት ይህ እንደ ልጅነት ጨዋታዋ ነበር። ጀልባን ሳይብስበት ስለ መጠገን ሲያስረዱ፣ «በጊዜዋ የተሰፋች አንዲት ስፌት ዘጠኝ ስፌት ታድናለች» አሉ። ሳያት «ሳይቃጠል በቅጠል» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን ከፊቷ የተደረደሩትን፣ ገመድ የላጣቸውን እጆች አየችና ሐሳቧን ቀየረች። ምሳሌውን እንዳለ፣ ቃል በቃል አለችው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። መረብ ሲሰፋ ለሚውል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል! «እውነቷን ነው! እስቲ ለባሌ ድገሚለት!» ብላ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች።

የሳያት ልብ ሞቅ አለ። የአባቷ ምክር ለመማሪያ ክፍል እንጂ ለውጭው ዓለም አይሠራም የሚል ሐሳብ ሽው አለባት።

ከምሳ በኋላ የሐይቁ ንፋስ ተነሥቶ መስኮቶቹን ማንቀጫቀጭ ጀመረ። ሚስተር ኮሊን ደንቡ እጅ በማውጣት ይጽደቅ ብለው ሊጠይቁ ሲሉ አቶ ላታሞ ተነሡ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ ቀጥ አለ።

አቶ ላታሞን የማያውቅ አስጋሪ የለም። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጃቸው ብሩክ መረብ ሊያወጣ ገብቶ ማዕበል ጀልባውን ገለበጠበት። አስከሬኑን ያገኙት ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ነው። አቶ ላታሞ አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ቃል እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ደንቡ ጥሩ ነው። ማንም ብቻውን አይግባ ይላል። ጥሩ። የኔ ልጅ ብቻውን ገባ። ብሩክ ሞኝ አልነበረም፤ ንፋስ ያውቃል። ሁልጊዜ ከሰው ጋር ነበር የሚገባው። ያን ቀን ለምን ብቻውን ገባ? ጠየቅኩ፤ የመለሰልኝ የለም። እጅ ከማውጣታችን በፊት እሱን ንገሩኝ። ቁርጡን ልወቅ።»

ሳያት አንድም ሳታስቀር ለእንግሊዛዊው ነገረቻቸው። ፊልሞን ጎንበስ ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከ። የቆየ ሐዘን መሆኑን፣ ሽማግሌዎች አይተው የዘጉት መሆኑን፣ አሁን ቢነሣ ጠብ እንደሚያመጣ ነገራቸው። ሳያት ሁሉንም ሰማች። ሚስተር ኮሊን ከልባቸው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁና አንዲት አጭር ምሳሌ ተናገሩ። እንግሊዞች ቤት ይህች ምሳሌ የሰላም ናት፤ ነገር አይነሣ፣ ጠብ አይቀስቀስ ለማለት ነው የሚሏት።

ሳያት ደክሟታል። ጠዋት የተጨበጨበላት ጭብጨባም ገና ጆሮዋ ውስጥ አለ። ቃሉ ሳታላምጠው አመለጣት።

«የተኛ ውሻ እንደተኛ ይተው፤ ነው የሚሉት።»

የሰማው ሁሉ የሰማውን እንደገና በልቡ የሚያደምጥ ይመስል ነበር።

«የተኛው ማን ነው?» አሉ አቶ ላታሞ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የተኛው ልጄ ነው። ልጄ ነው ውሻው?»

«አይደለም አባቴ!» አለች ሳያት ደንግጣ። «ምሳሌ ነው እኮ፤ ውሻ ሲሉ ሰውን ሳይሆን . . .»

«ታዲያ ማንን ነው? የምንጮኸውን እኛን ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

የብሩክ ታናሽ ወንድም ኤልናታን ሲነሣ ወንበሩ ተገለበጠ። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ ወጣት ነው። በሲዳምኛ አንድ ነገር ሲጮህ ወንዶቹ ተከትለውት ተነሡ። ጠረጴዛ ተገፋ፤ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ሚስተር ኮሊን ምን እንደተፈጠረ ስላልገባቸው፣ ከደቂቃ በፊት ለማጽናናት ያሳዩት ፈገግታ ገና ከፊታቸው አልጠፋም ነበር። እሱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «ይስቃል! አያችሁት፣ ይስቃል!»

አቶ ላታሞ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ሕዝቡም ተከትሏቸው ወጣ። ኤልናታንና ጓደኞቹ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የድርጅቱን መኪና ከበቧት። ፈረንጁ ከዚህ ግቢ አይወጣም አሉ።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሳያት ለሚስተር ኮሊን የሆነውን ስትነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አሁኑኑ ወጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ ብለው ተነሡ። ፊልሞን ክንዳቸውን ያዘ።

«አይሆንም፤ ልጆቹ ግለው ነው ያሉት፤ ይመቷቸዋል» አለ። ከዚያ ሳያትን ወደ ጥግ ስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ። አንቺ ውጪና፣ ሰውየው እንዲህ አላሉም፣ እግዜር ያጽናዎት ነው ያሉት፣ እኔ ተሳስቼ ነው በያቸው። ሴትን ማንም አይመታም። ትንሽ ይቆጡሻል፤ ከዚያ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። ይህ ጉዳይ ሁለተኛ መነሣት የለበትም።»

«ግን እንደዚያ አላሉም» አለች ሳያት።

«ታዲያ ሰው ይሙት?»

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ያለሽን አድርጊ» አላት። «መስታወቴን ሰባብረው ከሄዱ ነገ እዚህ እንዳላይሽ።»

ሳያት ወደ ወጥ ቤቱ መተላለፊያ ገብታ ስልኳን አወጣች። የአባቷን ቁጥር መታች። ጋሽ ደምሴ እስክትጨርስ ሰሟት።

«‹የሻረ ቁስል አይነካካም› ብያቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች እንባዋን እየዋጠች።

«ቆይ» አሏት። «ሰውየው ምን ጠይቀው ነው ምሳሌው የመጣው?»

«ልጄ ለምን ብቻውን ገባ ብለው።»

«መልስ አገኙ?»

«አላገኙም።»

«እንግዲያው መች ሻረ? ያማረውን አማርኛ ብትመርጪም ሰውየው ይቀየሙ ነበር። ልዩነቱ ማንም ሳያውቅላቸው፣ ቤታቸው ሄደው ብቻቸውን መቀየማቸው ነው። ምሳሌው ክፉ አይደለም ልጄ። ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል፣ ባልና ሚስትን ያኖራል። ግን ሁልጊዜ ማን ነው የሚናገረው ብለሽ ጠይቂ። ውሻው ይተኛ የሚለው ያልተነከሰው ሰው ነው።»

ከግቢው የሚመጣው ጩኸት እየበረታ ነበር።

«ፈርተሽ እንደሆነ በኋላ በር ውጪ» አሉ አባቷ። «ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።»

የኋላ በሩ ከፊቷ ነበር፤ ክፍት ነው፤ ከበሩ ባሻገር መንገዱ ይታያል። ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየችው። ፊልሞን ለምን እንዲህ ፈራ? የሞተው ልጅ ጓደኛው ነው ሲባል ጠዋት ሰምታለች። ለጓደኛ ሞት መልስ መፈለግ ያለበት እሱ አልነበረም?

«መልሼ እደውላለሁ አባዬ» ብላ ዘጋችው፤ በፊት በርም ወጣች።

አቶ ላታሞ ከዋርካው ሥር፣ ለመጠገን በተገለበጠ ጀልባ አጠገብ ቆመዋል። ኤልናታን መንገዷን ዘጋባት። ትንፋሹ ፊቷ ላይ ይሰማት ነበር።

«ምን ቀረሽ? ሌላ ስድብ አለሽ?»

«ለአባትህ ነው የምናገረው» አለች። «ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን አድርግ።»

አቶ ላታሞ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ኤልናታን ግማሽ እርምጃ ያህል ገለል አለላት። ፊልሞን ከኋላዋ እየሮጠ ደርሷል። ሚስተር ኮሊንም ማንም ሊያቆማቸው አልቻለምና በረንዳው ላይ ብቅ ብለዋል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ሳያት። «ውሻ የሚለውን ቃል እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአገራቸውን ምሳሌ ሳላስብ እንዳለ ገለበጥኩት። ሰውየው ልጅዎን አልሰደቡም፤ ስድብም አላሰቡም።»

ፊልሞን በረጅሙ ተነፈሰ።

«ግን ሌላ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ያሉት፣ ነገሩ አይነሣ ነው። የልጅዎን ነገር አይነሣ ነው ያሉት፤ እንደዚያ እንዲሉ የነገራቸውም እዚሁ ያለ ሰው ነው። የእርስዎ ጥያቄ አልተመለሰም። ከፈቀዱ እንደገና ይጠይቁ። እኔ አንድ ቃል ሳልጥል እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ! ይህን በይ ያለሽ ማን ነው?» ፊልሞን ጮኸ። ማንም ሰው እሱ ሲጮህ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ሰዎች ዞረው አዩት።

አቶ ላታሞ ለረጅም ጊዜ ሳያትን ተመለከቷት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «አፊኒ?» አሉ።

ሳያት ሲዳምኛዋ የገበያ ያህል ቢሆንም ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ጉዳይ ሲከፍቱ የሚሉት ነው፤ እሱ ከተባለ በኋላ በአደባባይ መዋሸት ከባድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ከመኪናዋ ተነጥለው መጡ። ሁሉም ክብ ሠርተው ቆሙ።

«ያን ቀን ብሩክ ለምን ብቻውን ገባ?» አሉ አቶ ላታሞ በአማርኛ፣ ፈረንጁም በሳያት በኩል እንዲሰማ። «የሚያውቅ ይናገር።»

ንፋሱ ደንገሉን ሲያንሿሿ ብቻ ይሰማል። ሳያት የሰዉን ፊት ተራ በተራ ስታይ አንዲት ሴት ላይ ደረሰች። ሽርጧ ላይ የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀ፣ ቀይ ዳማ፣ ወጣት ሴት። እጆቿን አጥብቃ ይዛ ፊልሞንን ብቻ ነበር የምታየው። ሚስቱ ፌቨን ናት።

«ፊልሞን» አለች ሴትዮዋ። «ንገራቸው።»

«ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ ነበር። አላስተኛኝም። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እናገራለሁ።»

ፊልሞን መሬት መሬት አየ። ፌቨን ወደ ክቡ መሐል ገባች።

«ብሩክ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥቶ ነበር። ‹ፊልሞን አለ? ንፋሱ መረቡን ሳይወስደው አብረን እናውጣው› አለኝ። ፊልሞን ጓዳ ውስጥ ነበር። የለም በይው አለኝ። እኔም የለም አልኩት።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ «ወይኔ!» አለች። ኤልናታን ዘሎ ፊልሞንን በአንገትጌው ሲይዘው ሳያት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው አቶ ላታሞ የልጃቸውን ክንድ ይዘው በሲዳምኛ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይሉታል። ኤልናታን ለቀቀው።

«ለምን?» አሉት አቶ ላታሞ ፊልሞንን።

«ተጣልተን ነበር» አለ ፊልሞን። ያ ለስላሳ አንደበቱ ተንተባተበ። «በማይረባ ነገር። መቅዘፊያዬን ሰብሮ፣ ሳቀብኝ። ልቅጣው ብዬ ነው። ነገ መጥቶ ይለምነኛል ብዬ ነው። ብቻውን ይገባል ብዬ በእግዚአብሔር ስም አልጠረጠርኩም። ከዚያ ሁሉም ሰው ይህ የጌታ ፈቃድ ነው ሲል እኔም . . . ዝም አልኩ። በቀብሩ ላይ የተናገርኩትም እኔ ነበርኩ።»

ሳያት ይህን ለሚስተር ኮሊን ስትተረጉም ሁለት ቦታ ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። እሳቸውም ጨርሳ እስክትነግራቸው ጠበቁ። ከዚያ ወደ አቶ ላታሞ ቀርበው «ይቅርታ» አሉ፤ ከሚያውቋቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱ ነበር። ምሳሌ አልጨመሩበትም።

አቶ ላታሞ ፈረንጁንም ፊልሞንንም ያዩ አይመስልም። ዓይናቸው ፌቨን ላይ ነበር።

«የለም አልሽው» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«እሱስ ምን አለ?»

ፌቨን የሽርጧን ጫፍ ጨበጠች።

«‹እሺ፤ ሰላም በይልኝ› አለኝ።»

አቶ ላታሞ የተገለበጠው ጀልባ ላይ ተቀመጡ። ሲያለቅሱ ድምፅ አላሰሙም፤ ኮፍያቸው ብቻ በእጃቸው ውስጥ ይጨማደድ ነበር። ሊቀርባቸው የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ሴቶቹ ሄደው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፌቨንም ሄደች፤ ያባረራት የለም።

ሲነሡ ፊልሞን ፊት ቆሙ።

«ሰማሁ» አሉት። «ዛሬ ካንተ ጋር ቃል የለኝም። ሽማግሌ እልካለሁ። እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ወደ ሳያትም ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ ውሻ እንዳትይ» አሏት። ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። አንገቷን ደፍታ «እሺ አባቴ» አለች።

ያን ቀን መስታወት አልተሰበረም፤ መኪናዋም በሰላም ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ሳያትን አላባረራትም፤ ግን ለሳምንታት ቀና ብሎ አላናገራትም። ፊልሞን ሊቀመንበርነቱን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። አንዳንዱ ሰው፣ ነገሩ ባይነሣ ይሻል ነበር፣ ማኅበሩ ተከፈለ ብሎ ሳያትን እስከ ዛሬ ይወቅሳታል። እሷም ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ብላ መከራከር አትችልም። ደንቡ ግን በሌላ ስብሰባ ጸደቀ፤ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ ላታሞ ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ ተቀመጡ፤ ብዙ ጊዜም ሳይስማሙ ተነሡ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላ በዓል ሲደርስ፣ ቂም ይዞ ዓመት መሻገር አይገባምና ሁለቱን ወገን ሐይቁ ዳር ጠሯቸው። ፌቨን ለምናት ሳያትም ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ፊልሞን ከሲታ ሆኖ፣ ጢሙ አድጎ ነበር። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። አቶ ላታሞ እጁን ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና በሁለት እጃቸው ያዙት።

ከዚያ ፊልሞን ወደ ኤልናታን ዞረ። ኤልናታን እጁን አልሰጠውም። አባቱም አላስገደዱትም።